ቡና ባያሸንፍስ ኖሮ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኳስ ነው። ኳስ የማትወዱ እህቶችና ወንድሞች ቶሎ አትሰልቹብኝ፤ ነገሩ ከኳሱ ወጥቶ ወደ ሱቄ ይገባል፣ ከሱቄም ወደ ጸሎቴ።

ጨዋታው በ2013 የውድድር ዘመን በመጀመሪያው ዙር የተደረገው የሸገር ደርቢ ነው፤ ኢትዮጵያ ቡና ከቅዱስ ጊዮርጊስ። እነሱ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ እኛ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት። ሱፐር ስፖርት የእኛን ሊግ ማስተላለፍ የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። እስከዚያ ድረስ አርሴናልና ማንቸስተር ብቻ ይታይበት የነበረ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ልጆች ስም ሲናወጥ ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ማስክ ሁሉም ሰው ነበረው፤ አገጩ ላይ። ጣራው ላይ ያለው ቬንትሌተር ያንኑ ሙቅ አየር ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። ቡና 3 ለ 2 አሸነፈ። ሦስቱንም ያገባው አቡበከር ናስር ነው።

ከጭፈራው ይልቅ ልቤ ላይ የቀረው ከጭፈራው በኋላ የመጣው ትንታኔ ነው። አጠገቤ የነበረ ባጃጅ ነጂ የሚሪንዳ ቆርኪዎች ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና የካሳዬን አጨዋወት ለጎረቤቱ ያስረዳ ጀመር። ይሄ በረኛው ነው፣ ይሄ ተከላካዩ ነው፣ እዚህ ጋ ባላጋራ ሲመጣብህ እዚያ ጋ ቦታ ይከፈታል። ጥሩ ያስረዳል። ችግሩ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ካሳዬን እዚህ ልጽፈው በማልችለው ቃል ሲጠራው ሰምቻለሁ። እኔስ? እኔም ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ «እኔማ ከመጀመሪያውም ብያለሁ» አልኩ። ውሸት ነው። ከመጀመሪያው ያልኩት «ጠልዘው!» ነበር። በየጨዋታው፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ፣ «ኧረ ጠልዘው!»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ካሳዬ አራጌ ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ የቡና አማካይ፣ በደጋፊው ዘንድ የተወደደ ሰው ነው። ከአሜሪካ ተመልሶ ከ2012 የውድድር ዘመን ጀምሮ ክለቡን ሲያሠለጥን አንድ ነገር ላይ ጸና፤ ኳስ ከኋላ ተመሥርቶ ይወጣል። በረኛው ኳሷን ወደ ሰማይ አይልካትም፣ ለተከላካዩ በእግሩ ያቀብላል፤ ተከላካዩም ባላጋራ እየሮጠ ሲመጣበት አይደነግጥም፣ ለአማካዩ ያቀብላል። ሲሳካ ዓይን ያጠግባል። ሳይሳካ ግን የምትቀማው ኳስ በገዛ ጎልህ ደጃፍ ላይ ነው የምትቀማው፤ ከዚያ በኋላ የሚያድንህ የለም። ያ የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰርዞ ሻምፒዮን ሳይኖር ቀረ። ስለዚህ ደጋፊው ለዚህ አጨዋወት የከፈለው ብዙ ነበር፣ በእጁ የያዘው ግን የለም። በየቤቱ የነበረው ክርክር ይኸው ነው፤ «ያምራል፤ ግን ውጤቱ የታለ?»

ይቺን ጥያቄ እኔ ከኳስ ቤት ውጭም አውቃታለሁ። ቤቴ ድረስ የምታመጣልኝም የባለቤቴ ወንድም ነው።

የባለቤቴ ወንድም ጠንካራ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው። (ጴንጤ ሆነህ እንዴት ጊዮርጊስን ትደግፋለህ የምትለውን ቀልድ ሰምቶ ሰምቶ ጠግቧል፣ እንዳትነግሩት።) ጌታን የሚወድ፣ እጁ የማይሰስት፣ በችግሬ ቀን ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ነገር ግን ሁሉን ነገር በውጤት ይለካል። ክለቡ የሊጉን ዋንጫ ከማንም በላይ የበላ ስለሆነ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ሱቄ ልግባ። ታይዋን ገበያ የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ፤ ቻርጀር፣ ከቨር፣ ኢርፎን፣ ትንንሽ ስፒከር። ድሬዳዋን የምታውቁ ታይዋንን ታውቃላችሁ። ከተማችን ከነባቡሯ፣ ከነመንገዷ ፊቷ ወደ ጅቡቲ ነው፤ ዕቃ በቀን በሕጋዊ መንገድ ይመጣል፣ በሌሊትም ይመጣል። እኔም ለዓመታት በሌሊት የመጣውን ሸጬ ነው ቤት ያቋቋምኩት። ማንም እንደ ኃጢአት አይቆጥረውም ነበር። እኔም እንደዚያው። ጌታን ካገኘሁ ከስንት ዓመት በኋላ ነው አንድ ቀን ሉቃስ 19 ላይ ዘኬዎስን ሳነብ ቆም ያልኩት። ሰውየው ኢየሱስ ቤቱ ስለገባ መጀመሪያ የነካው ገንዘቡን ነው። ሰባኪ አልተቆጣኝም፣ ራእይም አላየሁም። በማግስቱ ካርቶኖቹን ሳይ ግን እንደ ትናንቱ ሊታዩኝ አልቻሉም።

ስለዚህ አጨዋወት ቀየርኩ። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ አላስገባም፣ ከመርካቶ በደረሰኝ ገዝቼ በደረሰኝ እሸጣለሁ አልኩ። ባለቤቴ ሰማችኝ፣ ዝም አለች፣ ከዚያ «እሺ» አለች። ያቺ «እሺ» ስንት እንደከበደች የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ደንበኛ ይመጣል፣ ቻርጀሩን ያገላብጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ «አቦ ተወኝ እንጂ! እዚያ ጋ በግማሽ ዋጋ አለ» ብሎ ይሄዳል። እውነቱን ነው፣ አለ። ሱቁን በኮምፔርሳቶ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን አከራየሁ። ትልቁን ልጃችንን ከግል ትምህርት ቤት አወጣነው። ልጁ ምንም አላለም፤ የድሮ ዩኒፎርሙን ግን አጥፎ ፍራሹ ስር አስቀምጦት ባለቤቴ አገኘችው። የባለቤቴ ወንድም በየጊዜው መጥቶ በኮምፔርሳቶው ላይ ጣቱን ያንኳኳል፤ «አጨዋወትህ ያምራል» ይለኛል፣ «ግን ቆጥረህ ንገረኝ፣ ስንት ለስንት ነህ?»

በዚያ መሃል ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ለመስጠት ጠየቅሁ። እንዳልኮራ፣ ወይም ሌላውን ነጋዴ እንዳልኮንን ተጠንቅቄ፣ ጌታ የነካኝን ነገር ለመናገር ነበር ፍላጎቴ። የፕሮግራሙ ኃላፊ በፍቅር ነው ያዳመጠኝ፤ ሲጨርስ ትከሻዬን ይዞ «ትንሽ ታገሥ፤ ጌታ በሩን ሲከፍተው ትመሰክራለህ፣ ያኔ ለጉባኤው ይበልጥ ይገነባል» አለኝ። ክፋት የለበትም። እኔም በቦታው ብሆን እንደዚያ የምል ይመስለኛል። ግን ወደ ቤቴ ስሄድ የሰማኋቸውን ምስክርነቶች ሁሉ አስታወስኩ፤ የተፈወሰ፣ ቪዛ ያገኘ፣ ንግዱ የተባረከ። ማይክ የምንሰጠው ላሸነፈ ሰው ነው። 2 ለ 0 እየተመራ ኳሷን ከኋላ መሥርቶ ለሚወጣ ሰው ማይክ የለንም።

እንግዲህ ደርቢው የመጣው በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ደብቄአችኋለሁ፤ ከባለቤቴም ደብቄው ነበር። ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት የድሮ ዕቃ አቅራቢዬ ደወለልኝ። «ጥሩ ዕቃ መጥቷል፣ ልያዝልህ?» አለ። የሁለት ወር ውዝፍ ኪራይ ነበረብኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። «ከደርቢው በኋላ ልንገርህ» አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን በልቤ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ልጆች በዚህ አጨዋወት ጊዮርጊስን ካሸነፉ እኔም እጸናለሁ። ካልሆነ ግን...

ጌዴዎን ባዘቶውን ዘረጋ። እኔ ዲኤስቲቪ ዘረጋሁ።

አሁን ስጽፈው ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። በዚያ ቤት ከነበሩት ወጣቶች የብዙዎቹ እጅ ላይ የውርርድ ትኬት ነበረ። ሊጉ ራሱ የተጠራው በአወራራጅ ድርጅት ስም ነበር፤ ቤትኪንግ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝና በልቤ ታዝቤአቸዋለሁ፤ አንዱንማ ገሥጬዋለሁ። ከሁሉ ትልቁን የተወራረድኩት ግን እኔ ነበርኩ። ትኬት ስላልቆረጥኩ ብቻ ነው ያልታየኝ።

ታዲያ 3 ለ 2 ሲሆን ምን እንደተሰማኝ አስቡት። ከሳቢያን እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ባጃጅ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ባለቤቴ ልብስ ታጥፋለች። ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጨዋታውን፣ የስልኩን ነገር፣ ከጌታ ጋር የተነጋገርኩትን። «አየሽ?» አልኳት፣ «ካሳዬን ስንት ሰው ሰደበው፤ ታገሠ፣ አሸነፈ። ጌታ ነው በዚህ የተናገረኝ፤ እኛም እናሸንፋለን።»

እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ አጥፋ እስክትጨርስ ዝም አለች። «ቡና ባያሸንፍስ ኖሮ?» አለችኝ።

«አሸነፈ እኮ።»

«ሰማሁ። ባያሸንፍስ ኖሮ? ሦስቱን ያገባው የጊዮርጊስ ልጅ ቢሆንስ ኖሮ? ነገ ጠዋት ካርቶኖቹን ልታስገባ ነበር?»

መልስ አልሰጠኋትም። እሷም አልጠበቀችም። ሸሚዙን ከሌሎቹ ላይ ደርባ ተነሣችና «እኔ ሁለት ዓመት የቻልኩት አሸንፋለሁ ብዬ መሰለህ?» ብላ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባች።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ድሬ እንቅልፍ ላጣ ሰው ጥሩ አገር ነው፤ ደጅ ወጥተህ ብትቀመጥ አትበርድም። እዚያ ተቀምጬ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን አነበብኩ፤ ሦስቱን ወጣቶች። በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩን እሳቱ እንዳላቃጠላቸው ነው፤ መዝሙሩም፣ ሥዕሉም እሳቱ ውስጥ ስላለው አራተኛ ነው። ያን ሌሊት ግን ዓይኔ የቆመው ከእሳቱ በፊት ነው። ንጉሡ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለው ግን ባያድነን እንኳ ለምስሉ አንሰግድም አሉ። የባለቤቴ ጥያቄ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነበረች። እነሱ መልሱን የሰጡት ውጤቱ ሳይታወቅ ነው። እኔ ውጤቱን አይቼ እንኳ መመለስ አቃተኝ።

በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከረጅም ኳስ ይልቅ አጭር ቅብብል ለእግዚአብሔር መንግሥት ይቀርባል እያልኩ አይደለም። ጊዮርጊስም አሸንፎ ያውቃል፤ ከቡና ይልቅ ደጋግሞ። አጨዋወት በውጤት ቢለካ ነውር የለውም፤ አሠልጣኝ የሚቀጠረውም የሚባረረውም በዚያ ነው። የእኔ ስህተት መታዘዝን እንደ አሰላለፍ መቁጠሬ ነበር። አንዱ አሰላለፍ ካልሠራ በሌላ ይቀየራል። ካርቶኖቹን የተውኩት ግን የተሻለ ያሻሽጠኛል ብዬ ነበር እንዴ? ዘኬዎስ ግማሹን ለድሆች ሲሰጥ ሌላው ግማሽ እንዲበዛለት ነበር? ወንጌላዊው ሉቃስ ከዚያ በኋላ ሀብታም ሆነ አይልም፣ ደኸየም አይልም። ዝም ነው የሚለው። ይህ ዝምታው ያን ሌሊት ከስንት ስብከት በላይ ጠቀመኝ።

ጠዋት ለአቅራቢው ደወልኩና አልፈልግም አልኩት። የድል ስሜት የሚባል አልነበረኝም፤ ሆዴ ባዶ፣ አፌ መራራ ነበር። «አቦ እንደፈለግክ» አለኝ። ስልኩ ተዘጋ። ኪራዩ እዚያው ነው።

ያ የውድድር ዘመን እንዴት እንዳለቀ ታውቃላችሁ። አቡበከር 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ዋንጫውን ግን የወሰደው ፋሲል ከነማ ነው። ቡና ሁለተኛ ሆነ። በመሃሉ ሊጉ እኛም ዘንድ መጥቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከተማ እየቀያየረ ነበር የሚካሄደው፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በከዚራ ጥላ ስር የክለቦቹ አውቶቡስ ሲያልፍ ልጆች ይሯሯጡ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አቡበከር ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ፤ ካሳዬም ቆይቶ ክለቡን ለቀቀ። የ2014ንም የ2015ንም ዋንጫ ጊዮርጊስ ወሰደ። የባለቤቴ ወንድም በሁለቱም ዓመት ኬክ ይዞልን መጣ። በላንለት።

ሱቄ እንደተከፈለ ነው። የጎረቤቴ ማሽን ድምፅ ኮምፔርሳቶውን አልፎ ይሰማኛል። ውዝፉን ኪራይ በስምንት ወር ከፍዬ ጨረስኩ፤ ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ለመደ፣ እንዲያውም የክፍሉ በረኛ ሆኗል። በደረሰኝ የሚገዙ ሁለት ድርጅቶች ደንበኛ አግኝቻለሁ። በሩ ተከፈተ የሚባለው ይህ ከሆነ አላውቅም። ማይክ የሚያሰጥ አይመስለኝም።

የመሰከርኩት ሌላ ቦታ ነው። ሐሙስ ማታ ለገሃሬ አንድ ቤት ውስጥ የምናደርገው የቤት ለቤት ኅብረት አለን፤ ስንበዛ ሰባት ነን። እዚያ የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ የሆኑ አንድ አባት አሉ። ድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም ይባላል፣ እኔ ግን እሳቸውን አንተ ማለት አልችልም። ልጅነታቸው የኮተን ክለብ ነው፤ በ1950ዎቹ ኮተን ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነበትን ዘመን ያወራሉ። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ቫሳሎ ለኮተን ሲጫወት አይተዋል። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚህ ድሬ ሲደረግ ናይጄሪያን፣ ዛየርን፣ ሞሮኮንና ሱዳንን ያዩበትን ቀን እስከ ዛሬ ይቆጥራሉ። «ሉቻኖንም ቢሆን ኳስ ሲያበላሽ እንሰድበው ነበር» ይላሉ፣ «ሲያገባ ደግሞ የሰደብነውን እንረሳለን። ደጋፊ ምን ያፍራል?»

አንድ ሐሙስ እሳቸው «ያላለቀ ነገር ያለው ሰው ይናገር» አሉ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተናገርኩ። ስለ ካርቶኖቹ፣ ስለ ልጄ ዩኒፎርም፣ በደርቢ ጌታን እንዴት እንደተወራረድኩት። መጨረሻ ላይ የምለው ስላጣሁ «አሁንም ኪራይ ይከብደኛል፣ ጸልዩልኝ» ብዬ አቆምኩ። ማንም «ሃሌ ሉያ» አላለም። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ከዚያ አንዲት እህት ስለ ባሏ የስኳር ሕመም ተናገረች፣ አንድ ወጣት ደግሞ ስለ ውርርድ። ያ ወጣት እኔ የገሠጽኩት ልጅ ነው። ተራ በተራ ጸለይን፤ መሸብን።

ስንወጣ ጋሼ በር ላይ ያዙኝ። «ቻርጀር አለህ አይደል? የኔ ሞተ» አሉኝ። ነገ አመጣልዎታለሁ አልኳቸው።

«በደረሰኝ ነው?»

«በደረሰኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ጥሩ» አሉና ዋጋውን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ እዚያው በር ላይ፣ በጨለማው፣ ሃያ ብር ቀንስ ብለው ሩብ ሰዓት ተከራከሩኝ።